እትዬ ብዙነሽ እና የሃምሳ ሁለት ልጆች ምሳ

እትዬ ብዙነሽ ማረፋቸውን የሰማሁት ምሳ እየበላሁ ነው። ስልኩን ዘግቼ ሹካዬን አስቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቼ ግን መልሼ አነሳሁት። እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ «ምግቡ ምን አደረገሽ?» ብለው እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ። እያለቀስኩ ጨረስኩት። ሩዙ በደንብ አልበሰለም ነበር። እሳቸው ቢሆኑ ይህንንም አስተናጋጁን ጠርተው ይነግሩት ነበር፤ እኔ ግን ሒሳቤን ከፍዬ ዝም ብዬ ወጣሁ።

ስድስት ዓመት ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ተፋጠን ሠርተናል። ቢሯችን ግሌንዴል ነበር፤ ሎስ አንጀለስን ለማየት ከሌላ ስቴት የሚመጡ የተማሪ ቡድኖችን የሚያስተናግድ ትንሽ የጉዞ ድርጅት። እኔ ሆቴልና አውቶቡስ እይዛለሁ፣ እሳቸው ምግብ ቤት ይፈልጋሉ። ሥራቸው ሲነገር ቀላል ይመስላል። እኔም በመጀመሪያው ሳምንት ቀላል መስሎኝ፣ «ስልክ መደወል አይደል እንዴ?» ብዬ አፌ አመለጠኝ። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ትዕግስት፣ ሃምሳ ልጅ ማለት ሃምሳ ሰው ማለት አይደለም» አሉኝ። «ሃምሳ ሰው ሲርበው ይነጫነጫል። ሃምሳ ልጅ ሲርበው ይሮጣል። ያውም መኪና መንገድ ላይ።»

በማግስቱ ምግብ ቤት ሊመረምሩ ሳንታ ሞኒካ ሲሄዱ ይዘውኝ ሄዱ። ቁመታቸው አጭር፣ ቦርሳቸው ትልቅ፣ ጫማቸው ሁልጊዜ ነጭ ስኒከር ነበር። ቦርሳቸው ውስጥ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ከወጥ ቤታቸው ያመጡት የደቂቃ መቁጠሪያ እና በናፕኪን የተጠቀለለች አንዲት የሻይ ማንኪያ አለች። የምግብ ቤቱ ኃላፊ፣ ጸጉሩን ወደ ኋላ የለጠፈ መልከ መልካም ልጅ፣ የምግብ ዝርዝሩን ይዞ እየተፍለቀለቀ መጣ።

«እሱ ይደርሳል» አሉት። «ሽንት ቤታችሁ ስንት ነው?»

ልጁ ፈገግታው ሳይወርድ «ሁለት» አለ።

«ሃምሳ ልጅ በሁለት ሽንት ቤት! ምሳቸውን ጀምረው እራት ላይ ሊጨርሱ ነው።»

ከዚያ ወንበሮቹ ላይ እየዞሩ በየአንዳንዱ ተቀመጡ። የሚወዛወዘውን ለዩ። በበሩና በአስፋልቱ መካከል ያለውን ርቀት በሜትራቸው ለኩ። ሁለት ሰው የሚበላው ነገር አዘው መቁጠሪያቸውን አስጀመሩት፤ ምግቡ ሲመጣ ሰዓቱን አይተው «ለሁለት ሰው ሃያ ሁለት ደቂቃ» ብለው ጻፉ። ስንወጣ ኃላፊው የቸኮሌት ኬክ በካርቶን አድርጎ ሰጣቸው። «አመሰግናለሁ፣ አልበላም» ብለው መለሱለት። ዓይኔ ከኬኩ ጋር እዚያው ቀረ።

መኪና ውስጥ ስገባ «ምናለበት ቢቀበሉት?» አልኳቸው።

«በነፃ የበላሁበትን ቤት ለልጆች መዝግቤ አላውቅም» አሉ። «ሆድ ውለታ ይይዛል። ውለታ የያዘ ሆድ ደግሞ የቆሸሸ ወጥ ቤት አይታየውም።»

እንዲህ ነበሩ። ለእያንዳንዱ ምሳ ማታውኑ ሪፖርት ይጻፋል። እንግሊዝኛውን እኔ እተይባለሁ፣ እሳቸው በአማርኛ ይነግሩኛል። እኔ ነገር ማለስለስ እወዳለሁ። «ስጋው ትንሽ ደረቅ ነበር» ብዬ ስጽፍ ከኋላዬ ቆመው፣ «ትንሽ ነው ያልኩሽ? ጫማ ነበር አላልኩሽም?» ይሉኛል። አለቃችን ማርክ በዓለም ላይ የሚያምነው ነገር ቢኖር የእሳቸውን ሪፖርት ነው። ሕጉም አጭር ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሞከረ ቤት በምግቡ ላይ ችግር ከተጻፈበት ሁለተኛ ቡድን አይላክለትም።

አሁን ወደ ፌርፋክስ ልምጣ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ወደተደረደሩበት የሎስ አንጀለስ መንገድ። እትዬ ብዙነሽ ጴንጤ ናቸው፤ እሑድን ከጠዋት እስከ ከሰዓት ቸርች ነው የሚውሉት። ጓደኛቸው እትዬ የሺ ደግሞ ጾም ከገባ ወተት ያለበትን ብስኩት እንኳ በሩቁ የሚሸሹ ኦርቶዶክስ። እትዬ የሺ ፌርፋክስ ላይ ምግብ ቤት አላቸው። ጾም ሲገባ ታዲያ አንድ ችግር ይመጣል። ፈረንጁም፣ የማይጾመው ሐበሻም ስጋ ያዛል፤ የሚሠሩት እጆች ግን ሁሉም ጾመኞች ናቸው። ወጡን ማን ይቅመሰው? እትዬ የሺ «ጨውን በሽታው አውቀዋለሁ» ብለው ይፎክራሉ፤ ቢሆንም ስልክ ይደውላሉ። እትዬ ብዙነሽ ከሥራ ወደ ፓልምስ ወደ ቤታቸው ሲያልፉ መኪናቸውን ፓርክ አድርገው በኋላ በር ይገባሉ፣ ያቺን የሻይ ማንኪያ ከናፕኪኗ ያወጣሉ፣ ከየድስቱ አንዳንድ ማንኪያ ቀምሰው፣ «ይሄኛው ጨው ይቀረዋል፣ ያኛው ይውጣ» ብለው ፍርድ ሰጥተው ይሄዳሉ። ወሬው ተሰማና ጎረቤቶቹም ይጠሯቸው ጀመር። በሁዳዴ አጋማሽ የፌርፋክስን ግማሽ ድስት የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ።

«እናንተ ትጾማላችሁ፣ የምወፍረው እኔ» ይሉ ነበር። አንድ ቀን በነፃ ስለመብላት ያወጡትን ሕግ ሳነሳባቸው፣ «መቅመስ መብላት አይደለም» ብለው አፌን አስያዙኝ።

በዚያ ሁሉ ዓመት ግን ፌርፋክስ ላይ አንድም የተማሪ ቡድን አስይዘው አያውቁም። ስጠይቃቸው፣ «የሰው ሬስቶራንት ላይ እንደልቤ እጽፋለሁ። የሰፈሬን ሰው ምን ብዬ ልጽፈው ነው?» አሉኝ። ይህን የሚያውቁት እትዬ የሺም ጠይቀዋቸው አያውቁም ነበር። እኔ ሥራ በጀመርኩ በአራተኛው ዓመት ግን ጠየቁ። በሳምንቱ መሀል ቤቱ ባዶ ነው፤ ኪራዩ ደግሞ ጨምሯል። እኔ ባለሁበት እንዲህ አሏቸው፤ «ብዙዬ፣ ቡድን ካልመጣልኝ ለበጋ አልደርስም። እዘጋለሁ።» እትዬ ብዙነሽ ተነሥተው ወደ ሽንት ቤቱ ሄዱ። ሲመለሱ ሜትራቸውን እየጠቀለሉ ነበር። «ሦስት ሽንት ቤት አለሽ። ወንበርሽ ግን ሰባቱ ይወዛወዛሉ፤ ታሠሪያቸዋለሽ» አሉ።

ቡድኑ ከመሀል አሜሪካ የእርሻ ከተማ የመጣ የትምህርት ቤት መዘምራን ነበር፣ ሃምሳ ሁለት ልጅ። ምሳቸው ረቡዕ፣ በሁዳዴ ውስጥ። አስተማሪያቸው ሚስ ዶና ቀድማ በላከችው ቅጽ ላይ «የማያቃጥል ዶሮ» ብላ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች። ስለዚህ በሁለት ትልልቅ ድስት የዶሮ አልጫ ይሠራል፤ ዳር ዳሩን ለማድመቂያ ያህል ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ይኖራል። እትዬ ብዙነሽ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልነበራቸውም። እኔ ሆቴሉን አስረክቤ ስለነበር አብሬያቸው ሄድኩ።

አውቶቡሱ ሊደርስ ሩብ ሰዓት ሲቀረው በኋላ በር ገባን። እትዬ የሺና ረዳታቸው ሙሉ ላብ በላብ ሆነዋል። እንጀራው ተደርድሯል፣ ወንበሮቹ ተጠግነዋል፣ ድስቶቹ ይንተከተካሉ። እትዬ የሺ ጭልፋውን አንሥተው ወደ እትዬ ብዙነሽ ዘረጉ።

«በይ ቅመሽና ገላግይኝ።»

እትዬ ብዙነሽ ጭልፋውን ትተው እትዬ የሺን አዩ። «ማንም አልቀመሰውም እንዴ?»

«በማን አፍ? ሁዳዴ መሆኑ ጠፋሽ?»

«እኔ እኮ ዛሬ አልቀምስም» አሉ እትዬ ብዙነሽ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ጾም ጸሎት ይዣለሁ። ውሃም አልቀመስኩ። እስከ ማታ ነው።»

«ጾም? አንቺ? ከመቼ ወዲህ ነው ደግሞ ጴንጤ በኛ ጾም የሚገባው?»

«በናንተ አልገባሁም! ለዚህ ምሳ ነው የያዝኩት! ምሳሽ እንዲቀናልሽ ብዬ ነው ከትናንት ማታ ጀምሮ የምጾመው!»

ረዳቷ ሙሉ እጇን አፏ ላይ ጫነች፣ ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ አላወቅኩም። ቀጥላም ከጣቶቿ መሀል አንድ ነገር ተናገረች፤ ጠዋት ጨው ጨምራለች። እትዬ የሺም ጨምረዋል። አንዷ የሌላዋን አላየችም።

ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ያን ዓመት፣ ከብዙ ዓመት ስንፍና በኋላ፣ ጾሙን ይዤ ነበር። ደግ የሠራሁ መስሎኝ፣ «በቃ እኔ ልቅመሰው» ብዬ እጄን ዘረጋሁ። እትዬ ብዙነሽ እጄን መታ አደረጉት።

«አንቺ አርፈሽ ጹሚ። ስንት ዓመት ጠብቀሽ የያዝሽውን በዶሮ ታፈርሺዋለሽ?»

የሻይ ማንኪያቸውን አወጡ። ጣራውን ቀና ብለው አዩ። «ጌታ ሆይ፣ ለአንተ ብዬ ያዝኩት፣ ለልጆቹ ብዬ ለቀቅኩት፤ ይቅር በለኝ» አሉና ቀመሱ። ሌላውንም ድስት ቀመሱ። ፊታቸው ላይ የሆነውን አልረሳውም። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ተጨፈኑ፣ ከንፈራቸው ተሰበሰበ፣ ከዚያ በዝግታ ውሃ ጠየቁ።

«የሺ፣ ይሄ አይበላም።»

እትዬ የሺ አጠገባቸው ያለችው ዱካ ላይ ቁጭ አሉ። በዚያው ቅጽበት አውቶቡሱ በሩ ላይ ሲቆም ሰማን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በሙሉ እትዬ ብዙነሽ አዘዙት። ድስቶቹ በአራት ይከፈሉ፣ ውሃና የተላጠ ድንች ይግባባቸው፣ ሙሉ ከጎረቤት ጨው ያልነካው ዶሮ ትለምን። እኔ የጾሙን ምግብ በሙሉ ላውጣ፤ ዳር ዳሩን ለማድመቅ ሳይሆን ዋና ምግብ አድርጌ። እሱን ሁሉም ቀምሶታል፣ ሸጋ ነበር። እሳቸው ራሳቸው ደግሞ በነጭ ስኒከራቸው በሩጫ ወደ ፊት በር ሄዱ።

ስከተላቸው ሚስ ዶናን እጇን ይዘዋታል። ሰፈሩ ልጆቹን በጉጉት ሲጠብቅ እንደቆየ፣ ሳይዘምሩ ከገቡ ሰው እንደሚያዝን እየነገሯት ነበር። ሰፈሩ ስለ ልጆቹ ምንም አያውቅም። ሚስ ዶና ግን ደስ አላት፣ ልጆቹን የእግረኛው መንገድ ላይ በሦስት ረድፍ አቆመቻቸውና እጇን አነሣች። ዘፈናቸው እውነትም ያምር ነበር። ከቅመም ሱቁ፣ ከጸጉር ቤቱ፣ ከጎረቤት ምግብ ቤቶች ሰው ወጣ። የትራፊክ ቲኬት ጸሐፊውም ብዕሩን ይዞ ቆሞ አዳመጠ። እትዬ ብዙነሽ ከሁሉ ፊት ቆመው ያጨበጭባሉ፤ ሲጨርሱም «ዋን ሞር!» ይላሉ። ሦስት ጊዜ አስደገሟቸው። በሦስተኛው ሚስ ዶና ሰዓቷን አየች።

ሲገቡ ሽሮው ይጠብቃቸዋል። ሚስ ዶና በመቶ አራት እጅ ላይ ሳኒታይዘር ጨመረች፣ ሹካ ይኖር እንደሆነ በዓይኗ ፈለገች፣ አጣች። መጀመሪያ አንዲት ጥርሷ ላይ ብረት ያላት ልጅ ጫፍ ቆርሳ ምስሩ ውስጥ ነከረች። ቀመሰች። ዝም ብላ እንደገና ነከረች። ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ ድምፅ ጠፋ፤ ሃምሳ ሁለት ልጅ ዝም ሲል እትዬ ብዙነሽ እንደ ትልቅ ውጤት ነበር የሚቆጥሩት። ቀጥሎ «ብርቱካን የሚመስለው ጨምሩልን» የሚል ጥሪ ከየጠረጴዛው መጣ። ምስሩ ሦስት ጊዜ ተጨመረ፣ ጎመኑ አለቀ። ዶሮው ሊሄዱ ስምንት ደቂቃ ሲቀራቸው ወጣ። አስተዳደግ ያላቸው ልጆች ናቸው፤ ቀመስ ቀመስ አድርገው ውሃቸውን ጠጡ። አንድ ግዙፍ ልጅ ብቻ ሦስት እግር በልቶ አመስግኖ ወጣ።

አውቶቡሱ እንደሄደ እትዬ የሺ ልጆቹ በተነሡባቸው ሃምሳ ሁለት ወንበሮች መሀል ተቀምጠው አለቀሱ። «ይጻፋል አይደል?» አሉ። «ዶሮው ይጻፋል።»

«ሪፖርት የቢሮ ነው» አሉ እትዬ ብዙነሽ። ቦርሳቸውን አንሥተው ወጡ። ምሳ አልበሉም፤ የፈረሰውን ጾም እስከ ማታ ጨርሰውታል።

ማታ ቢሮ ውስጥ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጥኩ። እሳቸው ከኋላዬ ቆሙ። ሪፖርት እንዲህ አስፈርቶኝ አያውቅም። «እትዬ» አልኳቸው፣ «ዶሮውን እንለፈው። ልጆቹ ጠግበዋል። ማርክ ይህን ካየ ቤቱ አለቀለት። እትዬ የሺ ይዘጋሉ።»

«ጻፊ» አሉኝ። «ዶሮው አይበላም ነበር።»

«ጨው ትንሽ በዝቶበት ነበር ልበል?»

«አይበላም ነበር በዪ።» እስክጨርስ ጠበቁ። «ቀጥዪ። ጥፋቱ የምግብ ቤቱ አይደለም። እነሱ በሃይማኖታቸው ምክንያት ስጋ መቅመስ አይችሉም፤ ይህን አውቃለሁ። የመቅመስ ኃላፊነቱ የእኔ የብዙነሽ ነበር። ጠዋት ሄጄ መቅመስ ሲገባኝ አልሄድኩም። የአትክልቱ ምግብ ሦስት ጊዜ ተጨምሯል። ጨረስኩ።»

ለአሥራ ምናምን ዓመት ፋይላቸው ላይ አንዲት ነቁጥ የለችም፤ በዚህም ይኩራሩ ነበር፣ አንዳንዴ እስኪሰለቸን ድረስ። «ራስዎ ላይ እኮ ነው የጻፉት» አልኳቸው።

«እውነት አይደለም?»

እውነት ነበር። ላክሁት።

በማግስቱ ማርክ አስጠርቷቸው በሩን ዘጋ። ለምን እንዳልቀመሱ ሲጠይቃቸው ጾም እንደነበሩ፣ ለምን እንደጾሙ ሲጠይቃቸው ምሳው እንዲያምር እንደሆነ ነገሩት። ሳቁ በበሩ በኩል ተሰማኝ። ሳቀም አልሳቀም ግን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈባቸው። ስማቸው ላይ አንድ ፊደል ተሳስቶ ነበርና አስተካክለው ፈረሙ። የእትዬ የሺ ቤት ዝርዝሩ ውስጥ ቀረ፤ የአትክልት ምግብ ብቻ ተብሎ። ለካ አለርጂ የሚፈሩ አስተማሪዎች ሁሉ የሚፈልጉት እንዲህ ያለውን ኖሯል፤ በዚያ በጋ ዘጠኝ ቡድን ላክን።

እትዬ ብዙነሽ አንድ ነገር ብቻ አስማሉኝ። ለእትዬ የሺ ምን እንደተጻፈ እንዳልነግር። «ካወቀች በነፃ ካላበላሁሽ ብላ ትሞታለች» አሉ። «እኔ ደግሞ ያንን ቤት መመዝገብ እፈልጋለሁ።» ከሁለት ዓመት በኋላ ጡረታ ሲወጡም መሐላውን አላነሡልኝም።

ለቅሶው ፓልምስ አፓርታማቸው ውስጥ ነበር። የቸርቻቸው ሰዎች ሳሎኑን ሞልተው በዝግታ ይዘምራሉ። እትዬ የሺ ጥቁር ነጠላቸውን ተከናንበው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሳያቸው አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«በእኔ የተነሣ ኃጢአት ይዛ ሄደች» አሉኝ።

«የምን ኃጢአት?»

«ያ ሪፖርት። ለእኔ ስትል ዋሸች። ባትዋሽማ ያ ዶሮ እንዴት ያልፋል? አለቃው ደግሞ የሷን ቃል ነው የሚያምነው። እንቅልፍ ሲነሣኝ ለንስሐ አባቴ ነገርኩ። ስለ እሷ ስገጂ አሉኝ። ስለዚህ ሁዳዴ በገባ ቁጥር፣ በየቀኑ፣ ለሷ ውሸት አርባ አንድ እሰግዳለሁ። አራት ዓመት። ይኸው ጉልበቴ እንዲህ ሆኖ ቀረ።»

መሐላዬ ያበቃው በዚያ ሰዓት መሰለኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የታዘዝኩትን ቃል በቃል፣ ደብዳቤውንም፣ የተስተካከለችውን ፊደልም። አፋቸውን ከፍተው ሰሙኝ።

«አልዋሸችም?»

«አልዋሹም።»

«ዶሮውን ምን አለችው?»

«አይበላም ነበር።»

«አይበላም?» ድምፃቸው ስለጨመረ ሁለት ዘማሪዎች ዞረው አዩን። «በፈረንጅ ፊት የእኔን ዶሮ አይበላም አለችው?» ተቆጥተው ነበር፣ እውነተኛ ቁጣ። ወዲያው ግን ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ መለየት አቃተኝ፣ እኔም ከሁለቱ የትኛውን እያደረግኩ እንደነበር አላውቅም። ዘማሪዎቹ ኀዘን የጠናባቸው መስሏቸው ውሃ አመጡላቸው። ጠጥተው ተረጋጉ።

«ራሷ ላይ ጻፈችው» አሉ፣ ለራሳቸው። «እኔ ደግሞ በሌለ ኃጢአት ስወድቅ ስነሣ።»

«እንግዲህ ያርፋሉ» አልኳቸው። «መጪው ሁዳዴ ስግደቱ ይቀርልዎታል።»

ዞር ብለው፣ ምንም ነገር እንዳልገባው ሰው አዩኝ።

«ምን በወጣኝ ይቀርብኛል?» አሉኝ። «አርባ አንዱን ስሰግድ ስሟን አርባ አንድ ጊዜ እጠራለሁ። ከእንግዲህ ሌላ መቼ ልጠራት ነው?»